ያልታጠረው ጉድጓድ፦ የጥንቃቄ ግዴታ ከየት ይጀምራል?

ክረምት በገባ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚሰማ አንድ ዓይነት ዜና አለ። ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ፣ ሥራው ከቆመ ወራት ያስቆጠረ ጉድጓድ በዝናብ ይሞላል። ድፍርሱ ውሃ ጥልቀቱን ይደብቀዋል። ሊዋኝ የገባ ታዳጊ ወይም በጠርዙ ሲያልፍ እግሩን ያዳለጠው መንገደኛ በዚያው ይቀራል። የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች አስከሬን ያወጣሉ፤ ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች እንዲታጠሩና እንዲደፈኑ ማሳሰቢያ ይነገራል።

ከዜናው በኋላ የሚነሳው ክርክርም የታወቀ ነው። አንዱ "ወላጆቹ የት ነበሩ?" ይላል። ሌላው ባለቤቱ ይታሰር ባይ ነው። ሰውየው ፈቃድ አውጥቶ በገዛ ይዞታው ላይ ነው የቆፈረው የሚልም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ግን "ፖሊስ ካልከሰሰው ማን ይጠይቀዋል?" የሚለው ነው። እነዚህ አስተያየቶች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያቦካሉ። የመጀመሪያው ወንጀል ተፈጽሟል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው የጥንቃቄ ጉድለት አለ ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ባያጠፋ እንኳ በሕግ ካሳ የሚከፍል ሰው አለ ወይ የሚል ነው። ሕጉ ለሦስቱም መልስ አለው፤ መልሶቹ ግን አንድ አይደሉም።

"ባልንጀራዬስ ማን ነው?"

በሕግ ቋንቋ ቸልተኝነት ማለት ጉዳት ለማድረስ ሳይፈልጉ፣ ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ባለማድረግ ጉዳት ማድረስ ነው። የጥንቃቄ ግዴታ የሚባለው ደግሞ ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው፦ ከመጀመሪያውስ ለዚህ ለተጎዳ ሰው የመጠንቀቅ ዕዳ ነበረብኝ ወይ? ውል የተዋዋሉ ሰዎች ዕዳቸውን ከውሉ ያነባሉ። መንገድ ላይ የሚተላለፉ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ግን ምን ይተሳሰራሉ?

ጥያቄው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሕግ የዛሬ መልኩን የያዘው በአንድ ጠርሙስ መጠጥ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1928 በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ ወይዘሮ ዶንሂው ከጓደኛቸው ጋር ካፌ ገቡ። ጓደኛቸው የዝንጅብል መጠጥ ገዝተው ጋበዟቸው። ጠርሙሱ ጥቁር ስለነበር ውስጡ አይታይም። ወይዘሮዋ እንዳሉት ከጠጡለት በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አብሮ ወጣ፤ እሳቸውም ታመሙ። መጠጡን የገዙት እሳቸው ስላልነበሩ ከማንም ጋር ውል የላቸውም። ስለዚህ መጠጡን ጠምቆ ያሸገውን አምራች ከሰሱ። አምራቹም "ከማላውቃት ሴት ጋር ምን አገናኘኝ?" ዓይነት መከራከሪያ አቀረበ።

ክርክሩ ያኔ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የለንደን የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1932 በ3 ለ2 ድምፅ ለከሳሿ ተወሰነ። ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ አትኪን መነሻ ያደረጉት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አንድ የሕግ ዐዋቂ የጠየቀውን ጥያቄ ነው፦ "ባልንጀራዬስ ማን ነው?" ሕጉ ባልንጀራህን ውደድ ብሎ አያዝም፤ ባልንጀራህን አትጉዳ ይላል አሉ። ባልንጀራዬ የሚባለውም ሥራዬ በቅርብ የሚነካው፣ ያንን ሥራ ስሠራ በሐሳቤ ልይዘው የሚገባኝ ሰው ነው። በጠርሙሱ ውስጥ በእርግጥ ቀንድ አውጣ ይኑር አይኑር በማስረጃ ሳይረጋገጥ ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ምክር ቤቱ የመለሰው የሕጉን ጥያቄ ብቻ ነበር።

መርሁ ሰፊ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው የእንግሊዝ ሕግ ታሪክ በአብዛኛው ልኩን የመፈለግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ካፓሮ በሚባለው ጉዳይ ሦስት መለኪያዎች ተነሱ። ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል መሆን አለበት፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል በቂ ቅርበት መኖር አለበት፤ ኃላፊነት መጫኑም ፍትሐዊና ተገቢ መሆን አለበት። ፍርድ ቤቶች እነዚህን እንደ ቀመር ወስደው በየጉዳዩ ሲያነቧቸው ስለቆዩ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አርሟቸዋል። ቀደም ሲል ግዴታ እንዳለ በታወቀባቸው ጉዳዮች ነባሩን መንገድ መከተል እንጂ በየጊዜው "ፍትሐዊ ነው ወይ?" እያሉ እንደ አዲስ መጠየቅ አያስፈልግም አለ።

የእኛ ሕግ በሌላ በር ይገባል

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ስለሆነ፣ በዚህ ክፍሉ የእንግሊዝን መንገድ አልተከተለም። ከቁጥር 2027 የሚጀምረው ከውል ውጪ የሚደርስ ኃላፊነት ክፍል "ለማን ግዴታ ነበረብህ?" ብሎ በር ላይ አያቆምም። መነሻው ጥፋት ነው። በቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን ይክሳል። ቁጥር 2029 ጥፋት ታስቦ ወይም በቸልተኝነት፣ በማድረግ ወይም ባለማድረግ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል።

ይህ ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ሐይቅ ዳር ቆሞ የማያውቀው ሰው ሲሰምጥ የሚመለከት ሰው በመርህ ደረጃ የመርዳት ግዴታ የለበትም። በእኛ አገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ላለ ሰው፣ ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ መርዳት እየተቻለ አለመርዳት ራሱ ወንጀል ነው። ሕጋችን በማያውቁት ሰው ላይም ያለ ግዴታን አስቀድሞ አምኖ ይነሳል። ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተወሰደውን "የጥንቃቄ ግዴታ ነበር ወይ?" የሚል ክርክር እንዳለ ወደ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያመጣ ተከራካሪ፣ በዚህ ምክንያት ሕጉ ያላቆመውን አጥር በተጎጂው ፊት ያቆማል ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ነው፣ ልክ የሌለው ኃላፊነት ማንንም አይጠቅምም። እኛ ልኩን የምናገኘው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከምክንያትና ውጤት ትስስር፣ ከጉዳቱ እውነተኛነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥፋት ከሚለካበት መለኪያ።

ምን ያህል መጠንቀቅ?

ቁጥር 2030 ዳኛው የአስተዋይ ሰውን ጠባይ እንዲመዝን ያዘዋል። መለኪያው በዚያ ቦታና ሁኔታ ጤናማ ሚዛን ያለው ሰው ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ተከሳሹ በግሉ ዝንጉ መሆኑ ወይም "አልታየኝም" ማለቱ አያድነውም። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ሌላ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ ቁጥር 2031 በሙያው ደንብ ይለካዋል።

አንድ ቦታ እናስብ። አራት ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። መጀመሪያ ሲቆፈር በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ሥራው ሲቆም ጥበቃው ተነሳ። ከአጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወሰደ። በክፍተቱ በኩል ከሰፈሩ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣ አቋራጭ ተፈጠረ፤ የእግር ዱካው ከጠርዙ አንድ እርምጃ ርቆ ይታያል። በአንዱ ቋሚ ላይ የተቀዳደደ ቀይና ነጭ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ተንጠልጥሏል። ከሰኔ ጀምሮ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሃው ውስጥ ድንጋይ ሲወረውሩ ይውላሉ።

ይህን የሚያይ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? አሜሪካዊው ዳኛ ለርንድ ሃንድ እ.ኤ.አ. በ1947 ከማሰሪያው ስለተፈታ ጀልባ በቀረበላቸው ጉዳይ የአደጋውን ዕድልና የጉዳቱን ክብደት በአንድ ወገን፣ የመከላከያውን ወጪ በሌላ ወገን አስቀምጠው መዝነዋል። መከላከያው ከሚያስቀረው ጉዳት ያነሰ ዋጋ ካለው አለማድረግ ቸልተኝነት ነው። ይህ ሚዛን ትችት አያጣውም፤ የሰውን ሕይወት ከወጪ ጋር ማመዛዘን የሚቀፋቸው አሉ። በእኛ ጉድጓድ ላይ ግን ሚዛኑ ለክርክር እንኳ አይመችም። በአንድ ወገን ሁለት ቆርቆሮና የአንድ ዘበኛ ደመወዝ አለ፤ በሌላው ወገን በየክረምቱ የሚታወቅ ሞት።

የልጆች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። የስኮትላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1929 በማዕድን ማውጫ መሣሪያ ተቀጥቅጦ ስለሞተ ሕፃን ሲጠየቅ፣ ልጁ ያለፈቃድ የገባ ስለሆነ ባለቤቱ የመጠንቀቅ ግዴታ የለበትም ብሎ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1873 በባቡር ማዞሪያ ሲጫወት ስለተጎዳ የስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተለየ አቋም ይዟል። ልጅን የሚስብ አደገኛ ነገር ያስቀመጠ ሰው ልጁ እንደሚመጣ ማሰብ አለበት። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1972 በወደቀ አጥር በኩል ወደ ኤሌክትሪክ ሐዲድ ስለገባ ሌላ የስድስት ዓመት ልጅ ስትወስን የ1929ኙን አቋም ትታለች። በዚያ ጉዳይ አጥሩ ፈርሶ እንደ አቋራጭ መንገድ ያገለግል እንደነበር፣ የጣቢያው ኃላፊም ልጆች በሐዲዱ ላይ መታየታቸው ተነግሮት እንደነበር ተረጋግጧል። ከላይ ያሰብነው ቦታ ከዚያ ሐዲድ በምን ይለያል?

ጥፋት ባይገኝስ? ቁጥር 2069

በአደባባይ ክርክራችን ከሞላ ጎደል የተዘነጋው ድንጋጌ ይህ ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ኃላፊነትን በጥፋት ብቻ አልወሰነም። አደገኛ ነገር በእጁ ያለ ሰው፣ ባያጠፋም፣ ከዚያ ነገር ለሚመጣው ጉዳት ይጠየቃል። የመኪና ባለቤት በቁጥር 2081፣ የሕንፃ ባለቤት በቁጥር 2077 እንዲህ ይጠየቃሉ። ይህ ያለጥፋት ኃላፊነት ይባላል። ቁጥር 2069 ደግሞ ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጪ ለሆነ አደጋ ያጋለጡ ሥራዎችን ይዘረዝራል፦ ፈንጂና መርዛማ ነገሮችን ማስቀመጥ፣ ከፍተኛ ኃይል ያላቸውን የኤሌክትሪክ መስመሮች መዘርጋት፣ እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ፣ እንዲሁም የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ መለወጥ።

ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ ነው ወይ? ሁለት ንባቦች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው ጠባብ ነው። ሕግ አውጪው ከፈንጂና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የዘረዘረው እንደ ግድብና የተራራ ቆረጣ ያሉ ታላላቅ ሥራዎችን አስቦ ነው፤ ተራ የመሠረት ቁፋሮ በየሰፈሩ ያለ ስለሆነ "ከተለመደው ውጪ" ሊባል አይችልም ይላል። ይህ ንባብ ሊናቅ አይገባም፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ እንደ ፈንጂ አከማቺ ይቆጠር ማለት የሕጉን ልዩነት ያጠፋል።

ሁለተኛው ንባብ ግን የበለጠ ያሳምነኛል። ድንጋጌው የሚመዝነው የሥራውን ግዝፈት ሳይሆን ሌላውን ሰው ያጋለጠበትን አደጋ ነው። የታጠረ፣ ጠባቂ ያለው፣ ውሃው የሚመጠጥለት የመሠረት ቁፋሮ የከተማ ኑሮ የተለመደ አደጋ ነው። ያው ቁፋሮ ተጥሎ፣ ውሃ አቁሮ፣ ከእግረኛ መንገድ አንድ እርምጃ ላይ ክፍት ሲቀመጥ ግን የተለመደ መሆኑ ያበቃል። በየሰፈሩ መብዛቱ የተለመደ አያደርገውም፤ የብዙ ሰዎች ጉድለት መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ልዩነቱ ሲከራከሩ ይታያል። በቁጥር 2141 መሠረት ጉዳቱንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው። ክሱ በጥፋት ላይ ከተመሠረተ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ አጥሩ መቼ እንደተነሳ፣ ማን እንደሚያውቅ፣ ማን ችላ እንዳለ መፈለግ አለበት። በቁጥር 2069 ከሆነ አደጋውን ማን እንደፈጠረና ጉዳቱ ከዚያ እንደመጣ ማሳየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ "አላጠፋሁም"፣ "ልከላከለው አልቻልኩም" ወይም "ሌላ ሰው ነው አጥሩን የነቀለው" ማለት በቁጥር 2086 መሠረት ተቀባይነት የለውም።

"ፈቃድ አለኝ"፣ "ኮንትራክተሩ ነው"፣ "ወላጅ የት ነበር?"

ፈቃድ ለመቆፈር እንጂ ለመጉዳት አይሰጥም። ቁጥር 2069 ራሱ ሥራው በአስተዳደር የተፈቀደ ወይም በመንግሥት የተሠራ ቢሆንም ኃላፊነቱ እንደማይቀር ይናገራል። የመንግሥት ፕሮጀክት ቁፋሮም ከዚህ አይወጣም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ትንሽ ውስብስብ ነው። በቁጥር 2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው ይጠየቃል። በቁጥር 2134 ግን ነፃነቱን ጠብቆ የሚሠራ ኮንትራክተር ላጠፋው ያሠራው ሰው አይጠየቅም። ባለቤቱ በኮንትራክተሩ፣ ኮንትራክተሩ በባለቤቱ ሲያመካኙ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም ቁጥር 2134 የሚያድነው ከሌላ ሰው ጥፋት ነው። ባለቤቱ ራሱ ሥራውን አቁሞ፣ ጥበቃውን አንስቶ ቦታውን ክፍት ከተወ የሚጠየቀው በራሱ ነው። ሁለቱም ኃላፊ ሆነው ከተገኙ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ተጎጂው ካሳውን በሙሉ ከአንዱ መጠየቅ ይችላል፤ የሁለቱ ሒሳብ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

የወላጅ ነገር ሲነሳ ድምፅ ከፍ ይላል። ልጅን መጠበቅ የወላጅ ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። የቁጥር 2086 መውጫ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን ማስረዳት። ወላጅ ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሦስተኛ ወገን ጥፋት ደግሞ ያለጥፋት ኃላፊ የሆነውን ሰው ነፃ አያወጣም። የልጁስ? ቁጥር 2030 ጥፋት ሲመዘን ዕድሜ አይታይም ስለሚል፣ የልጁ ድርጊት ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ካሳው እንዲቀነስ የሚከራከር ይኖራል። የስምንት ዓመት ልጅ ውሃ አይቶ መሳቡን እንደ ጥፋት መቁጠር ግን ሕጉን ከመንፈሱ መለየት ይመስለኛል።

ወንጀልና ካሳ ለየብቻ ናቸው

"ፖሊስ ለቀቀው" ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስቀጣል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን የተከሳሹን የግል ጥፋት በወንጀል ሕግ ጥብቅ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ያለጥፋት ኃላፊነት የሚባል ነገር በወንጀል የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት ካሳ የሚወስነው ችሎት በወንጀል ችሎት የነፃ መለቀቅ ውሳኔ አይታሰርም። ያው ሰው ከወንጀል ነፃ ወጥቶ ካሳ ሊከፍል ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የወንጀሉን ውጤት ሲጠብቅ ቁጥር 2143 ያስቀመጠው የሁለት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ይሄዳል። ይርጋው የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ ያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን የክሱ መሠረት ያለጥፋት ኃላፊነት ብቻ ከሆነ በዚህ መተማመን አያዋጣም።

አንድ ሺህ ብር

አሁን ወደ ካሳው እንምጣ። በቁጥር 2095 መሠረት ሰው ሲሞት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ቁሳዊ ጉዳት ካሳ ይጠይቃሉ፤ ካሳውም በመተዳደሪያ መልክ ይሰላል። አባት ሲሞት ይህ ስሌት ትርጉም አለው። ልጅ ሲሞት ግን ወላጆቹን ገና አይጦርም ነበርና ቁሳዊው ጉዳት በሕክምናና በቀብር ወጪ ሊያልቅ ይችላል። የሚቀረው የኅሊና ጉዳት፣ ማለትም የሐዘኑ ካሳ ነው። ሕጉ ይህንን በቁጥር 2116 ቢበዛ በ1,000 ብር ገድቦታል።

ገደቡ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 1,000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ገንዘቡ አሥር ዶላር አይሞላም። አንድ እናት ልጇን በሌላ ሰው ቸልተኝነት አጥታ፣ ጠበቃ ይዛ፣ ዓመት ተመላልሳ፣ ሁሉንም አስረድታ ብታሸንፍ ለሐዘኗ የምታገኘው ይህንን ነው።

ገደቡን የሚደግፍ መከራከሪያ አልጠፋም። ሐዘን በገንዘብ አይተመንም፤ ዳኞች ያለ ልክ ቢወስኑ ተመሳሳይ ሐዘን በተለያየ ዋጋ ይተመናል ይባላል። ይህ ገደብ እንዲኖር ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ገደቡ በ1952 ዓ.ም. ዋጋ እንዲቀር ግን ምክንያት አይሆንም። መዘዙም ከቤተሰቡ አልፎ ይሄዳል። ቆርቆሮውን ያላደሰ ሰው ካሳው ከቆርቆሮው ዋጋ ካነሰ፣ የጥንቃቄ ሚዛን የምንለው ነገር ተገልብጦ ይቆማል፤ ላለመጠንቀቅ የሚያበረታታ ይሆናል። ዳኛ ይህንን በትርጉም አያስተካክለውም፤ ቁጥሩ በሕግ የተጻፈ ስለሆነ የሚለውጠው ሕግ አውጪው ብቻ ነው።

ከአደጋው በፊት

ለሞት የሚሰጠው ካሳ ይህን ያህል ከሆነ፣ በአሁኑ ሕግ ጎረቤቶች ያላቸው ጠንካራ መሣሪያ ከአደጋው በፊት የሚነሳው ጥያቄ ነው። ጉዳት ሊደርስ መሆኑን የሚያሳምን ምክንያት ካለና ጉዳቱ በገንዘብ ካሳ የማይጠገን ዓይነት ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ድርጊቱ እንዲቆም የማዘዝ ሥልጣን በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ተሰጥቶታል። የሕፃን ሞት በገንዘብ የማይጠገን ለመሆኑ ቁጥር 2116 ራሱ ሳያስበው ማስረጃ ሆኗል።

ለአቤቱታው የሚያስፈልገው ማስረጃ ሩቅ አይደለም። ቀኑ የሚታይበት የጉድጓዱ ፎቶግራፍ፣ ክፍተቱና የእግር ዱካው፣ ለወረዳው የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የቀረበ ማመልከቻ ከነመዝገብ ቁጥሩ፣ ለባለቤቱ በጽሑፍ የደረሰ ማስጠንቀቂያ። እነዚሁ ወረቀቶች ትእዛዙ ሳይሰጥ አደጋው ቢደርስ እንኳ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰበት ቀን በኋላ ባለቤቱ "አላወቅሁም ነበር" ማለት አይችልም።